ትንፋሽ ለዪው ድሬሰር

ጋሽ አበጀ አረፉ ብለው የደወሉልኝ ጎረቤታቸው ናቸው። ሰኞ ጠዋት ነበር፤ ዐቢይ ጾም ከገባ ሁለተኛው ሳምንት። እንጅባራ መናኸሪያ አጠገብ ካለችው ሱቄ ቁጭ ብዬ ለአንድ የሚኒባስ ሹፌር ፍላሽ ላይ ዘፈን እጭን ነበር። ስልኩን ዘጋሁና መጫኔን ቀጠልኩ። ሹፌሩ «ምነው፣ ፊትሽ ተለዋወጠሳ?» ሲለኝ «ምንም» አልኩት። ፍላሹን ሞልቼ ከሰጠሁት በኋላ ነው በሩን ከውስጥ ቆልፌ ያለቀስኩት። ያለቀስኩት ለሞታቸው ብቻ አልነበረም። ሳይናገሩት የሄዱትን ነገር የማውቀው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ነው። ወይም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ አበጀ ጡረታ የወጡ ድሬሰር ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በጥሊሊና በግምጃ ቤት ክሊኒኮች የገበሬ ደረት ሲያዳምጡ ኖረዋል። ጡረታ ሲወጡ ጆሯቸው ሥራ ፈታ መሰለኝ፣ ማንም ያላዘዛቸውን ሌላ ሥራ ጀመሩ። በጃንሆይ ጊዜ በታተሙ ሸክላዎች ላይ ስማቸው ሳይጻፍ የቀሩ ሙዚቀኞችን ማን ማን እንደሆኑ መለየት።

መጀመሪያ የመጡ ቀን ዘንቢል ይዘው ነበር። በጋቢ የተጠቀለለ ነገር አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። እጄን ስሰነዝር «ቀስ! እንቁላል አይደለም፣ ከእንቁላል ይብሳል» ብለው ተቆጡኝ። ሰባት ሸክላና አንድ ያረጀ ማጫወቻ ነበር። ኮምፒውተር ውስጥ እንዳስገባላቸው ፈልገው ነው። የሸክላውን ክብ ወረቀት በጣታቸው እያሳዩ «አንብቢው» አሉኝ። የዘፋኙ ስም በትልቁ ተጽፏል፤ ከሥሩ «ከኦርኬስትራ ጋር» ይላል።

«ኦርኬስትራ ማነው?» አሉኝ።

«እኔ ምን አውቄ ጋሼ? ያው ኦርኬስትራ ነዋ።»

«ኦርኬስትራ እናት አለው? ቀበሌ አለው? ዘፋኙንማ ሁሉም ያውቀዋል። እኔ የምጠይቀው ከጀርባው የቆመው ማነው ነው።»

ሽማግሌው ትንሽ ነካ ያደረጋቸው መሰለኝ። አልተሳሳትኩም፤ ነክቷቸው ነበር። ግን እንዲህ ዓይነት መነካት የታደለ ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና የቀኙን በአውራ ጣታቸው ይጫኑታል። ሌላውን እጃቸውን የገዛ ጎናቸው ላይ ያሳርፋሉ። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ዘፋኙ ሲጀምር ፊታቸውን ያጨማድዱና «ይኼ ሰውዬ ዝም ቢልልን» ይላሉ፤ ያ ዘፋኝ እኮ አገር የሚያለቅስለት ነው። እሳቸው የሚጠብቁት ጥሩምባ ነፊው ወይም ክላርኔት ነፊው ከመንፋቱ በፊት አየር የሚስብባትን ቅጽበት ነው። ያኔ ሁሉም በአንድ ማይክ ዙሪያ ቆመው ስለሚቀረጹ ትንፋሹ ሸክላው ላይ ቀርቷል። እኔ ምንም አልሰማም፤ እሳቸው ይሰማሉ።

«ዘፋኝ ሲፈልግ በቃሉ ይዋሻል። ነፊ ግን ሳይተነፍስ መንፋት አይችልም። ሳንባ አይዋሽም ልጄ» ይሉኝ ነበር።

አንድ ጊዜ «ይኼ ጥሩምባ ነፊ ግራ ሳንባውን ታሞ የዳነ ነው» ሲሉ ሳቅኩባቸው። እሳቸው ግን በየአገሩ የተበተኑ የድሮ ሙዚቀኞችን ስልክ ሰብስበው ኖሮ፣ ለአንዱ ደውለው «ከመካከላችሁ ሳንባውን ታሞ ሐኪም ቤት የከረመ ማን ነበር?» ብለው ጠየቁ። ሰውየው ወዲያው ስም ጠራ። ጋሽ አበጀ ስሙን በተማሪ ደብተራቸው ጻፉ፤ ከዚያ የሟቹን ቤተሰብ ፈልገው አገኙና ዘፈኑን በስልክ አሰሟቸው። ከወዲያ ማዶ አንዲት ሴት እልል ስትል እኔም ሰማሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልሳቅኩባቸውም፤ ብስቅም በልቤ ነው።

በሁለት ዓመት ውስጥ ደብተሩ ላይ ሠላሳ ገደማ ስም ተጻፈ። አንዱንም ሳያረጋግጡ አልጻፉም። ከአንዱ በቀር።

ያን አንዱን ሸክላ ዳንግላ ገበያ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ነው ያገኙት። ዘፈኑ መካከል ላይ ዘፋኙ ያርፍና ሳክስፎን ብቻውን ይወጣል። እሱን ሲሰሙ ማዳመጫውን አወለቁ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«ትርንጎ፣ ይኼ የኛ ነው!»

በአገራችን ሠርግ ላይ ፈረሰኞች ሲመጡ የሚዘፈን ዜማ ነበር። እናታቸው በአገውኛ ያንጎራጉሩት ነበር አሉ። ሳክስፎኑ አንዲት ቦታ ሳይስት ከላይ እስከ ታች ወርዶታል። «ይኼን አዲስ አበቤ ከየት ያመጣዋል? የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ! ዘለቀ ነው። በቃ፣ ዘለቀ ነው።»

አቶ ዘለቀ የግምጃ ቤት ሰው ነበር። በዚያ ዘመን ከኛ አገር ተነስቶ አዲስ አበባ የጦር ኦርኬስትራ ውስጥ የገባ እሱ ብቻ ነው ይባላል። ኋላ ከሥራው ተሰናብቶ ባዶ እጁን ተመለሰና ዳንግላ ወፍጮ ቤት ዘበኛ ሆነ። «ሸክላ ላይ ነፍቻለሁ» ይል ነበር። ማን ያምነዋል? «ሸክላው» የሚል ስም አወጡለትና ልጆች እንኳ በዚያ ይጠሩት ነበር። ሲሞት የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ፣ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ፣ ከቀባሪው መካከል የሳቀ ሰው አለ። ይህን የነገሩኝ ጋሽ አበጀ ናቸው፤ እሳቸው ቀብሩ ላይ ነበሩና ሳቁ ሲቆጫቸው ኖሯል።

ያን ዕለት ሸክላውን መልሰው አላዳመጡትም። እጃቸውን ጎናቸው ላይ አላደረጉም። ትንፋሹን አልፈለጉም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግን ያኔ ልብ አላልኩትም።

የአቶ ዘለቀ ልጅ እትዬ እናትነሽ ዳንግላ ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት አላት። ጋሽ አበጀ በማግስቱ ሄደው ነገሯት። በወሩ የአባቷን ሐውልት አሳደሰችና እብነ በረዱ ላይ ከስሙ ሥር «በሸክላ የተቀረጸ ሳክስፎን ነፊ» ተብሎ ተጻፈ። የሐውልቱ ምረቃ ቀን ቄሱ ዘፈን ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አይገባም ስላሉ፣ ቤቷ ደጅ በተጣለው ድንኳን በኔ ስፒከር ዘፈኑን አጫወትን። ሳክስፎኑ ሲወጣ ዘለቀን «ሸክላው» እያሉ የጠሩት ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፉ። ጋሽ አበጀ ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ቆመው እንደ ሙሽራ አባት ሰውን ሁሉ ያዩ ነበር።

የኔም ጥፋት አለበት። ዘፈኑን ለደንበኞቼ ስጭን የፋይሉ ስም ላይ «ሳክስፎን ዘለቀ፣ ከአዊ» ብዬ ጻፍኩበት፤ እንደ ልማዳችን የሱቄንም ስልክ ጨመርኩ። የባጃጅ ሹፌሮች ወደዱት። ከስልክ ስልክ እየተላለፈ አገር ዞረ።

ዓመት ሊሞላው ሲል ከባሕር ዳር ስልክ ተደወለ። የሽማግሌ ድምፅ ነው፣ ቀስ ያለ።

«ልጄ፣ ሃምሳ አለቃ ፈይሳ እባላለሁ። የልጅ ልጄ አንድ ዘፈን አሰማኝ፤ ስልክሽን ከዚያ ላይ አግኝቼው ነው። ሳክስፎኑን የነፋው ዘለቀ አይደለም። እኔ ነኝ።»

«አባባ፣ እንዲህ የሚሉ ብዙ ሰዎች አሉ» አልኩ።

«ይኖራሉ። እኔ ግን ሌላ ሸክላ ላይ የለሁም። በዕድሜዬ ያቺን አንዷን ብቻ ነው የተቀረጽኩ።»

ለጋሽ አበጀ ስነግራቸው እየሳቁ መጡ። የሰውየውን ታሪክ አልጠየቁም። መልሼ እንድደውል አዘዙኝና ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው «ሃምሳ አለቃ፣ እስቲ ዜማውን ያንጎራጉሩልኝ» አሉ። ሰውየው አንጎራጎሩ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ግን ዜማውን በሁለት ትንፋሽ ጨረሱት፤ መካከል ላይ አየሩን ሲስቡ አፍንጫቸው ጢስስ አለች። ጋሽ አበጀ ፈገግታቸው ጠፋ። ማዳመጫውን አጠለቁና ሸክላውን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሐኪም አዳመጡት። ደገሙት። ሦስተኛ ሊያዳምጡ ሲሉ ተውትና ማዳመጫውን አወለቁ።

«ሃምሳ አለቃ፣ አፍንጫዎን ተመትተው ያውቃሉ?»

«በልጅነቴ ወለጋ በቅሎ ረግጣኛለች። በምን አወቁ?»

«ሸክላው ላይ አፍንጫዎ ትሰማለች» አሉ ጋሽ አበጀ። ሃምሳ አለቃ ፈይሳ የቀረውን ራሳቸው ነገሩን። እሳቸውና ዘለቀ ካምፕ ውስጥ አልጋቸው ጎን ለጎን ነበር። ያን የፈረስ ዜማ ዘለቀ ነው ያስተማራቸው፤ ክረምቱን ሙሉ እየነፋ። ሊቀረጹ ሲሉ ዘለቀን ተስቦ ያዘውና ሐኪም ቤት ገባ። «አንተ ተካው ተባልኩ። ወታደር የታዘዘበት ይቆማል። በዘለቀ አልፈርድበትም፣ ዜማው የሱ ነው። ግን የነፋሁት እኔ ነኝ፤ ሳልሞት አንድ ቦታ ቢጻፍልኝ ብዬ ነው።»

«ይጻፋል። መጀመሪያ ለልጁ ልንገራት። ጥቂት ቀን ይስጡኝ» አሉ ጋሽ አበጀ።

«ዕድሜ ካለ» አሉ ሃምሳ አለቃ።

ጥቂቷ ቀን ስምንት ወር ሆነች። ሃምሳ አለቃ ፈይሳ በየዓርቡ ይደውሉ ነበር። «ነገሯት?» ይላሉ። «ገና ነው» እላለሁ። ኋላ ኋላ አፍሬ ኔትወርክ የለም እያልኩ እዘጋው ጀመር፤ አንዳንዴም አላነሳም ነበር።

ጋሽ አበጀ ዳንግላ ደጋግመው ሄደዋል። አንዱን ቀን አብሬያቸው ሄጃለሁ። ምግብ ቤቷ ገብተን ገና ሳንቀመጥ «እናትነሽ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ…» ብለው ጀመሩ።

«ኧረ ጋሼ! ጉዳይ ከእህል ይቀድማል እንዴ? ይቀመጡ፣ ይቀመጡ።»

ሽሮ መጣ፣ ድንች ወጥ መጣ፣ ተልባ መጣ። እያጎረሰች አስጨነቀቻቸው። በልተው እጃቸውን ሲታጠቡ የሐውልቱን ፎቶ በስልኳ አሳየቻቸው። ፎቶውን አይተው አፋቸውን ሲከፍቱ ለመንገድ ስንቅ ልቋጥር ብላ ተነሳች። ከዚያ ሚኒባሱ እንዳያመልጠን ራሷ ሸኘችን፤ ለጋሼ የፊት ወንበር ለማግኘት ከረዳቱ ጋር ተጨቃጨቀችላቸው። ቸርነቷ ገርሞኝ ነበር። በስንቁ ላይ ስንቅ!

አዲስ ቅዳም ከተማ እስክንደርስ ጋሽ አበጀ መንገድ ዳር የተደረደረውን የከሰል ማዳበሪያ እያዩ ነበር። ድንገት «ትርንጎ፣ ሴትዮዋን አባቷን ሁለተኛ ልገድልባት እኮ ነው» አሉኝ።

«ካልነገሯት እኔ እነግራታለሁ» አልኩ። ሃምሳ አለቃ አሳዝነውኝ ነበር፤ ተናድጄም ነበር።

«የኔን ስሕተት አንቺ አትሸከሚም። አላዳመጥኩማ! የእናቴን ዜማ ሰማሁና ሥራዬን ረሳሁት። በሽተኛ ቢሆን ኖሮ ገድዬው ነበር።»

ከዚያ በኋላ ደብተሩ ላይ አዲስ ስም አልተጻፈም። ሱቄ መጥተው ማዳመጫውን ያደርጉና ወዲያው ያወልቁታል። ከስተው ኮታቸው ሰፍቷቸው ነበር። አንድ ቀን ምን እንደሚሰማቸው ጠየቅኳቸው። «ሌላ ሸክላም ሳደርግ ያቺው ሳክስፎን ናት የምትመጣብኝ። ሁለት ሆነው ይመጣሉ ልጄ። አንዱ ይነፋል፤ አንዱ ከኋላው ቆሞ ያየኛል» አሉኝ።

ለመጨረሻ ጊዜ ዳንግላ የሄዱት ብቻቸውን ነው፣ ቅዳሜ። ዛሬስ ሳልነግራት አልመለስም ብለውኝ ነበር። እሑድ ማታ ተመለሱ፤ ሰኞ ጎረቤት በሩን ቢያንኳኳ አልተነሱም።

ከሠልስቱ በኋላ ጎረቤቶቻቸው ደብተሩን ሰጡኝ። የዚያችን ዘፈን ገጽ ፈለግሁ። «ሳክስፎን፦ ዘለቀ» የሚለው በቀለም እንደተጻፈ አለ፤ አልሰረዙትም። ከሥሩ በእርሳስ «ሳንባ አልዋሸም። የዋሸሁት እኔ ነኝ» ይላል። የሃምሳ አለቃ ፈይሳ ስም የለም። ሳይነግሯት ሊጽፉት አልደፈሩም።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ደብተሩን ይዤ ዳንግላ ሄድኩ። እትዬ እናትነሽ ቀብሩ ላይ «የአባቴን ስም ያነሳህልኝ» እያለች ስታለቅስ አይቻት ነበር። እንዳየችኝ ወደ ጓዳ «ሽሮ አምጡ» አለች።

«አልበላም እትዬ» አልኩ። «ሳልናገር አልበላም።»

ዞራ አየችኝ። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ሁሉንም ነገርኳት፤ የባሕር ዳሩን ሰውዬ፣ ተስቦውን፣ የጋሽ አበጀን ስምንት ወር። ታለቅሳለች፣ ትጮኻለች፣ ከቤቴ ውጪ ትለኛለች ብዬ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጨው በጣቷ እየሰበሰበች ሰማችኝ።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«አባቴ እንዳልሆነ። ጋሼ መጀመሪያ ያሰሙኝ ቀን ነው ያወቅሁት። ከአባቴ ጋር በአንድ ክፍል ነው ያደግሁት ትርንጎ። ያን ዜማ በየቀኑ ያንጎራጉረው ነበር፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ትንፋሼ አጭር ነው እያለ፣ በሦስት ትንፋሽ እየቆራረጠ ነበር የሚጨርሰው። ሸክላው ላይ ያለው ግን በሁለት ጨረሰው። የአባቴን ትንፋሽ ላጣው ነው እንዴ?»

ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ጋሼ ያን ቀን ልጅ መስለው ነበር። እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ደግሞ አልዋሽሽም፣ እኔም ፈልጌው ነበር። ልጅ ሆኜ የሸክላው ልጅ ሲሉኝ ነው ያደግሁት። አንድ ቀን እንኳ እውነት ይሁንልኝ ብዬ ነው። ኋላ ሊነግሩኝ እንደሚመጡ ፊታቸው ላይ አየሁ። ከነገሩኝ በእኔ ፊት ያፍራሉ፤ እሳቸው ሲያፍሩ ማየት አልፈለግሁም። ስለዚህ በመጡ ቁጥር አበላቸዋለሁ። ቅዳሜ ዕለት ሁለት ጊዜ ጀምረው ሁለት ጊዜ አጎረስኳቸው። አፋቸውን በምግብ ዘጋሁት ትርንጎ። ይዘውት መቃብር ገቡ።»

ያን ጊዜ ነው ሁለታችንም የተላቀስነው። አንድ ቃል፣ አንዲት «አውቃለሁ» ብቻ፣ እኒያን ሰው ስምንት ወር ሙሉ ታሳርፋቸው ነበር። እሷ ለእሳቸው አዝና፣ እሳቸው ለእሷ አዝነው፣ በመካከሉ ሰውየው ባሕር ዳር ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሰዎች በደግነት እንዲህ ይጨካከናሉ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ስልኬ ጮኸ። ዓርብ መሆኑን ረስቼው ነበር። ሃምሳ አለቃ ፈይሳ ናቸው። እንደ ልማዴ ልዘጋው ስል እትዬ እናትነሽ ከእጄ ወሰደችውና ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«አባባ፣ እናትነሽ ዘለቀ ነኝ።»

ሃምሳ አለቃ «ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ» አሉ።

«የምን ይቅርታ! ሙሉ ስምዎን ከነአባትዎ ይንገሩኝ። ሐውልቱ ላይ ቦታ አለ፤ ዜማው የዘለቀ፣ ሳክስፎኑ የእርስዎ ተብሎ ይጻፋል።»

«በቁሜ? በሰው መቃብር ላይ?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ሳቃቸው ሲበርድ «ፈይሳ ዋቅጅራ» አሉ፣ አንድ አንድ ፊደሉን ለይተው። እኔም በጋሽ አበጀ ደብተር፣ ከእርሳሱ ጽሑፍ ሥር፣ በቀለም ጻፍኩት።

«ተጻፈ?»

«ተጽፏል» አልኳቸው።

«ተመስገን። በሉ እንግዲህ አቶ አበጀን አቅርቡልኝ። እሳቸው ባይነግሯት ኖሮ ይኼ አይሆንም ነበር፤ ላመስግናቸው።»

እትዬ እናትነሽ እኔን አየችኝ። እኔ ደብተሩን አየሁ። ሃምሳ አለቃ «ሃሎ፣ ሃሎ» እያሉ ይጣሩ ነበር፤ ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሏቸው።